በሁዳዴ የተመታ ከበሮ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። አባቴን ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ እል ነበር፤ ያን ቀን ግን ምንም እንደማላውቅ ገባኝ።

ወረታ ነው የምንኖረው፣ እኔና አባቴ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በሥርዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። እውነት ለመናገር ከእኔ ይልቅ ድጓቸውን የሚወዱ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሕመም ጣላቸውና አንደበታቸው ተያዘ፤ ቀኝ እጃቸውም ሰነፈ። ይሰማሉ፣ ይራመዳሉ፤ ቃል ግን የለም።

ደግነቱ ከመታመማቸው በፊት ዜማቸውን ቀድቼ ነበር። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው፤ የቀዳሁትን ሁሉ ቤት ባቆምኩት አሮጌ ሰርቨር፣ ብዙ ቅጂ በሚያጠራቅም ከባድ ኮምፒውተር ላይ አኖርኩት፣ ተማሪዎቻቸውም እየመጡ ያዳምጡታል። ሌላው ቅጂ ያለበት ትንሽ ዲስክ በዚያው ሰሞን ተበላሸ። እንግዲህ የአባቴ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው በዚያ አንድ ሰርቨር ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው።

አዲስ ዲስክ ልጨምርበት ብዬ ሰርቨሩን እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ የሚያወጣና የሚያስገባ ተንሸራታች ሐዲድ ከባሕር ዳር አስመጣሁ። ሰርቨሩ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ የሠራልኝ የሰፈራችን በያጅ ነው፤ ቀጭን፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የብረት መደርደሪያ።

የእኛን አገር ጠባይ ልንገራችሁ። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ የሚሳሳለት ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ እህሉም ልብሱም ከፍ ብሎ ነው የሚከርመው። እኔም መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያሠራውን ከባድ ባትሪ ከላይ፣ ሰርቨሩን ከሥሩ በትከሻዬ ልክ አድርጌ ታችኛውን ባዶ ተውኩት። ሌላ አገር ያለ ሰው ከባዱን ከታች ያደርጋል። እኔ የማስበው ጎርፍ ብቻ! ከግድግዳው ጋር እንዳላስረው ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ብሎን አይዝም። ቆይ መላ እፈልግለታለሁ ብዬ አለፍኩት።

ሐዲዶቹን ግራና ቀኝ አሰርኩ፣ ሰርቨሩን እንደምንም አንሥቼ አስገባሁ፣ አበራሁት። ሠራ። ከደስታዬ ብዛት ሳላጠፋው፣ ሽቦው ይደርስ እንደሆነ ልይ ብዬ ሳብኩት። ተንሸራቶ ወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ወዲያው መደርደሪያው እንዳለ ወደ እኔ ዘመመ።

በትከሻዬና በሁለት እጄ ተቀበልኩት። መልሼ እንዳልገፋው የሐዲዱ መቆለፊያ ግራና ቀኙን ባንድ ጊዜ ካልተጫኑት አይለቅም፤ ሁለቱም እጆቼ ደግሞ መደርደሪያውን ይዘዋል። ትቼው ብሸሽ እኔ እድናለሁ፤ የአባቴ ድምፅ ግን ሲሚንቶው ላይ ይከሰከሳል።

የሰው ያለህ ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ! ከአጥራችን ማዶ የሩዝ መፈልፈያ አለ፤ እሱ ሲነሣ እንኳን የእኔ ጩኸት መብረቅም አይሰማ።

አባቴ ግን በዚያኛው ክፍል ነበሩና ሰሙኝ። በር ላይ ቆመው አዩኝ።

“አባባ፣ አይጠጉ! ይወድቅብዎታል!” አልኳቸው።

አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ዞር ብለው ሄዱ። ምን ልደብቃችሁ፣ ተናደድኩ። ለምን ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ አለቀስኩ። ብረቱ ትከሻዬን እየበላ ነው፣ ደሙ በክንዴ ሲወርድ ይሰማኛል።

በዚያ መሐል የመፈልፈያውን ጩኸት ሰንጥቆ የሚመጣ ከበሮ ሰማሁ።

በሁዳዴ ከበሮ አይመታም። ጸናጽልም የለም፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው። አባቴ በጾም ከበሮ በጣቱ ያንኳኳ ተማሪ ከጉባኤ ያባረሩ ሰው ናቸው። ኋላ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ አባቴ የቤታችንን ከበሮ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ሩዝ መፈልፈያው ቤት ውስጥ ገብተው በግራ እጃቸው ደበደቡት። ያየ ሁሉ “የኔታ አበዱ” አለ። መፈልፈያው ጸጥ ሲል እሳቸው በእጃቸው ወደ ቤታችን አመለከቱ።

ቀድሞ የገባው ሩዝ ሊያስፈለፍል የመጣ፣ ዐይቼው የማላውቅ ገበሬ ነው። ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ “በሁዳዴ ከበሮ የሚያስመታ ምን ጉድ ነው?” እያለ ገባና ሲያየኝ ሮጦ ተጠጋኝ። ጀርባውን ከመደርደሪያው ሥር አስገባ።

“ያዝኩልሽ፣ ልቀቂው እኅቴ።”

“አልለቅም።”

“ያዝኩት እኮ! ደም በደም ሆነሻል!”

ለቀቅኩ። መቆለፊያዎቹን ተጫንኩና ሰርቨሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። መብራቱ አልጠፋም። ገበሬውም መደርደሪያውን አቃንቶ፣ የራሱን አንድ ጆንያ ሩዝ አምጥቶ ከታች ጫነበት። “በገበያ ቀን እወስደዋለሁ፤ እስከዚያ ደህና አድርገሽ እሰሪው” ብሎኝ ሄደ። እግዜር ይስጠው።

አባቴ ከበሮው አንገታቸው ላይ እንዳለ ገቡ። “አባባ፣ ድምፅዎ ተርፏል” አልኳቸው። እጅጌዬን ገለጥ አድርገው ትከሻዬን አዩ፤ መዳፋቸውን ቁስሉ ላይ አኖሩና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሲሰሙ ምንም ቀኖና አልሰጧቸውም። እሳቸው ግን በራሳቸው ፈርደው እስከ ፋሲካ በዚያ በሰነፈ ጎናቸው ሲሰግዱ ከረሙ። ይተዉ ብላቸው ማን ሰምቶኝ!

ዛሬ ዜማው ሌላም ቦታ ተቀምጧል። ተማሪዎቻቸው “የየኔታን ድምፅ አተረፍሽልን” ብለው ሲመርቁኝ አሜን እላለሁ፤ ግን ሆዴ ይባባል። አባቴ ያን ቀን ወደ ሰርቨሩ አንዴም ዞር ብለው አላዩም።