ፎቶ የሌለው ዕቃ

ሱቃችን በር የለውም። ልጄ ናት በኮምፒውተር የምትከፍተውና የምትዘጋው። ዕቃው ግን እዚሁ አቃቂ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ተደርድሯል። የአሮጌ የጭነት መኪና መለዋወጫ ነው። እኔም ዕድሜዬን የገፋሁት እንዲህ ያለ መኪና እየነዳሁ ነው። የራሴዋ አሁንም ግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ቆማለች።

ሱቁን የጀመረችው ባለቤቴ ናት። እሷ ከእኔ ይልቅ ተምራለች፤ የማታ ትምህርት ቤት ገብታ የኮምፒውተሩንም ነገር ትንሽ ትንሽ ለምዳ ነበር። የራሷ የሆነ አሠራር ነበራት። ዕቃውን በግራ እጇ መዳፍ ላይ ታስቀምጥና በቀኟ ስልክ ይዛ ፎቶ ታነሳዋለች። «ሹፌር ማስመሪያ ይዞ አይዞርም፣ እጅ ግን አለው» ትለኝ ነበር። ባሌስትራን የመሰለ ትልቅ ዕቃ ሲሆን መሬት ላይ ታጋድመውና እጇን አጠገቡ ትዘረጋለች። ደንበኞቹም መጠኑን በእጇ መለካት ለመዱ።

ፊቷን ግን መነሳት አትወድም ነበር። ከሞተች በኋላ ብንፈልግ የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ተገኘ፤ እሱም እሷን አይመስልም። ስለዚህ እኔ ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ ሱቁን እከፍታለሁ። ልጄ ገበያ የምከታተል ይመስላታል። እኔ የማየው እጇን ነው። በሌባ ጣቷ ሥር ያለችውን የቢላ ጠባሳ፣ ቀለበቷ ሥር የገባውን ግራሶ። ከእሷ የቀረኝ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ልጄ መጣችና «አባዬ፣ ሱቁ ያለበት ሰርቨር አርጅቷል» አለችኝ።

«ሰርቨር ደግሞ ምንድነው እናቴ?»

«ሱቃችን የሚኖርበት ኮምፒውተር ነዋ። ውጭ አገር ነው ያለው፣ በኪራይ ነው የያዝነው።»

«ታዲያ አከራዩ ውጡ አለ?»

ሳቀች። «ልክ እንደሱ ይበሉት። ሶፍትዌሩን ወደ አዲሱ ካላሳደግነው ደንበኛ በስልኩ መክፈል አይችልም። አሮጌውን ደግሞ ሰኞ ይዘጉብናል።»

«ፎቶዎቹስ?»

«አብረው ይገባሉ። አያስቡ።»

ከሳሪስ ለቀን ወደዚህ ስንመጣም ሁሉም አብሮ ይገባል ተብሎ ነበር። ቁምሳጥኑ በበሩ አልገባ ብሎ ዝናብ ላይ አደረ። ይህን አልነገርኳትም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ከምትኖርበት ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ መጣች። ላፕቶፗን መጋዘኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። እሑድ ስለሆነ ፋብሪካዎቹ ጸጥ ብለዋል፤ የመኪናውም ጩኸት የለም። እሷ ስትጽፍ እኔ ኩሽኔታ እየወለወልኩ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ በበሩ ከምትገባው ብርሃንና ከላፕቶፑ በቀር ሁሉም ጨለመ።

«መብራቱ አያሰጋንም፤ ሥራው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው የሚካሄደው» አለች። ትንሽ ቆይታም «በቃ፣ አለቀ» አለች።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ቀና አልኩ።

«አባዬ… እስቲ ይምጡ።»

ሄድኩ። የዕቃዎቹ ስም በየቦታው አለ። ከስሞቹ በላይ ግን ዕቃ የለም። እጅ ነው ያለው። የተዘረጋ ግራ እጅ፣ መዳፉ ወደ እኛ የዞረ፣ ምንም ያልያዘ። ልጄ ገጹን ወደ ታች ስታወርድ እጆቹ ከሥር እየተነሱ ወደ ላይ ያልፋሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ባዶ። እሷ ከሞተች በኋላ ያስገባነው ዕቃ ላይ እንኳ እጇ ቀድማን ደርሳለች።

«ይሄን ፎቶ ያውቁታል?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«እጁን አውቀዋለሁ።»

«እኔ ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ አንድም ቀን አላየሁትም።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ጠባሳዋ አለች። የእጇ አንጓ ላይ ደግሞ ጥላ ወድቋል፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ነው። ባርኔጣው የእኔ ነው። በር ላይ ቆሜ ሳያት መሆን አለበት። ቀኑን ግን ባስብ ባስብ ትዝ አይለኝም።

የሱቁ ስልክ ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን። የወሎ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የቆየ ደንበኛችን።

«አባባ፣ ደህና ዋሉ? ፖምፓ ልገዛ ሱቃችሁ ብገባ እጅ ቁም አለኝ። ትራፊክ ቀጠራችሁ እንዴ?»

«ቤት እየቀየርን ነው ልጄ፣ ዕቃው ተዘበራርቆብን ነው።»

«እኔማ ወላሂ መንጃ ፈቃዴን ላወጣ ነበር!» ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእትዬ እጅ ናት፣ አይደል?»

«እንዴት አወቅህ?»

«በአካል አላየኋትም፣ አላህ ይዘንላት። እጇን ግን መርካቶ መሃል ባገኛት አልስታትም። ስንት ጊዜ የራሴን እጅ ከእጇ ጋር እያስተያየሁ ነው የገዛሁት። አሁን ግን አልገባኝም አባባ፤ ስጡኝ ነው የምትለው ወይስ ጠብቁኝ?»

«ነገ ደውልልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ልጄ እስከዚያ ምክንያቱን አግኝታ ነበር። «እማዬ ናት ያደረገችው። ፎቶ የሌለው ዕቃ ቢኖር በምትኩ ምን ይታይ ተብሎ የሚሞላበት ቦታ አለ። ሱቁ ገና ሲከፈት ይህችን እጅ አስገብታበታለች። አሮጌው ሱቅ ላይ የሚታየው ዕቃ ሁሉ ፎቶ ስለነበረው ወጥታ አታውቅም።»

ይኸን ሁሉ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነበረች ማለት ነው። ሌላው ሁሉ እስኪጠፋ ተቀምጣ።

«ሌሎቹ ጠፉ?» አልኩ። ሳጥን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጄ አስረዳችኝ። እናቷ ለፎቶዎቹ ስም የሰጠችው በአማርኛ ፊደል፣ ሹፌሮች በሚጠሩት ነው፦ ኩላሊት፣ የአህያ ጆሮ፣ እንዲህ እንዲህ እያለች። ልጄም ከእሷ በኋላ በዚያው ቀጥላበታለች። አዲሱ ሶፍትዌር ፊደሉን ማንበብ ስላቃተው ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። የትኛው ፎቶ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ አያውቅም።

«አሮጌው ላይ ግን እስከ ነገ አሉ» አለች። «አውርጄ አንድ በአንድ ልመልሳቸው። አብረውኝ ይቀመጣሉ?»

ተቀመጥን። እሷ ፎቶውን ትከፍታለች፣ እኔ ወይም እሷ ስሙን እንጠራለን፤ ስንጠራጠር ከመደርደሪያው ዕቃውን አውርደን እናስተያያለን። አንዱ ፎቶ በገባ ቁጥር አንዲት ባዶ እጅ ትጠፋለች። አይ፣ እንደሱ አይደለም። ባዶዋ እጅ ያንን ዕቃ ትይዛለች። የሞተር ጓርኒሲዮን ያዘች፣ ቡሎን ያዘች። ማንም ያላቀበላትን ዕቃ መልሳ ስታነሳ የማይ መሰለኝ። ፀጉሬ ቆመ፤ ልጄም ሹራቧን ደረበች፣ ቆርቆሮው ግን በፀሐይ ግሎ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መብራቱ መጣ፣ ፎቶዎቹም አለቁ። አንዲት እጅ ግን ባዶዋን ቀረች።

ልጄ ከሥሯ ያለውን አነበበችልኝ። «የመሪ ኩሽኔታ። ለእኛዋ መኪና።»

ይሄንንስ አስታወስኩት። መኪናዬ መሪዋ ተይዞ የቆመችው በዚያ ዕቃ ምክንያት ነው። ባለቤቴ «አገኝልሃለሁ፣ ዝም ብለህ ጠብቅ» ብላኝ ነበር። ሳታገኘው ታመመች። ስሙን ሱቁ ላይ ጽፋ ቦታ ይዛለት ኖሯል። አሮጌው ሱቅ ገና መጋዘን ያልገባ ዕቃ ይደብቃል፤ አዲሱ ሁሉንም ያወጣል።

«ላጥፋው አባዬ? ሰው ሊያዝዘው ይችላል።»

«እንዳይታዘዝ ማድረግ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ተይው።»

ለሹፌሩ በማግስቱ ጠብቁኝ ነው የምትለው አልኩት። «አብሽር፣ እንጠብቃታለን» አለኝና ፖምፓውን ገዛ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። ሌሎቹ እጆች ዕቃቸውን ይዘዋል፤ ያቺ ግን እንደተዘረጋች ናት። ጥላዬ አንጓዋ ላይ ነበር፣ በደንብ አስታውሳለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ጣቶቿ የተጠጋ ይመስለኛል። «ፎቶ አይንቀሳቀስም እኮ አባዬ» ትለኛለች ልጄ። እውነቷን ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ መጋዘኑ እገባለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ከዕቃው ሁሉ በፊት እሷን እከፍታለሁ።