ንጹሕ የተባለው ቅቤ

ዲላ ገበያ ቅቤ ነው የምሸጠው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ላጥ ብዬ ነው የወጣሁት። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ቅቤዬ ግማሹ የሚረጋ ዘይት ነው፤ ቢጫ የሚያደርገውም እርድ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው እትዬ አስቴር ግን የራሷን ላም ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ከኢዲዶ ታመጣለች።

አንድ የገበያ ቀን ባዕድ ነገር የገባበትን ቅቤ የሚይዙ ተቆጣጣሪዎች ከፖሊስ ጋር መጡ። አለቀልኝ አልኩ። አለቃቸው መጀመሪያ የእትዬ አስቴርን ኮባ ገለጠና አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው ይሄ እናቴ? ይሸታል እኮ! ሣርም አለበት!»

«በሰል ያለ ቅቤ ነዋ ልጄ! የምንንጥበትን ቅል በሣር ነው የምንወትፈው።»

«እሱን ቢሮ መጥተሽ ታስረጃለሽ» አለና ሁሉንም ጆንያ ውስጥ አስጨመረባት። ቀጥሎ የኔን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ። ከዚያ ለገበያተኛው ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አያችሁ? ንጹሕ ቅቤ ማለት እንዲህ ነው!»

እትዬ አስቴር አየችኝ። እውነቱን ብናገር የሷ ይመለስላታል፤ የምታሰረው ግን እኔ ነኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

ሰዎቹ እንደሄዱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደኔ ጠጋ አለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጄ ትናንት ወልዳለች» አለችኝ። «ለቡላ ገንፎዋ የሚሆናትን ቅቤ ይዤ ልገባ ነበር፣ ወሰዱብኝ። እስቲ የኔ ልጅ፣ ከዚህ ከንጹሑ አንድ ኪሎ መዝንልኝ።»

መዘንኩላት።