የጭስ ቆጣሪዋ ሹመት

ሳንሱሲ ሰፈር ውስጥ ትሕትናን የሚያውቃት ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ልጅቷ ብክነት ማየት አይሆንላትም። የመዘምራን ልብስ ሲሰፋ ከጣቃው ምን ያህል ጨርቅ እንደሚተርፍ በኮምፒውተር አስልታ፣ ትራፊውን ሁልጊዜ ወደ ቤቱ ይወስድ የነበረውን ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ አስኮርፋዋለች። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ «ትሕትና ብዬ ያወጣሁልሽ ለዚህ ነበር?» ብለው ተቆጥተዋት ነበር።

ስታቲስቲክስ ተምራ እንደጨረሰች አስኮ አካባቢ ያለ አንድ የቆዳ ቦርሳ ፋብሪካ ቀጠራት። የውጭ ደንበኞቹ አዲስ ጥያቄ አምጥተው ነበር። ቆዳው ከሚለፋበት ቦታ ተነስቶ፣ ቦርሳ ሆኖ እስኪጫን ድረስ ስንት ነዳጅ ይቃጠላል፣ ምን ያህልስ ጭስ ይወጣል? ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለመስቀል ጥያቄውን ሲያነቡ መጀመሪያ ሳቁ። «ካልነገራችሁን አንገዛም» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ።

ትሕትና በየአይሱዙው ላይ ጂፒኤስ አስገጠመች። ከመጋዘኑና ከነዳጅ ማደያው የሚመጣውን ዳታም ከዚያ ጋር አገናኘችው። የታየው ነገር የሚያሳፍር ነበር። አንዱ መኪና ቆዳ ለማምጣት ባዶውን ወደ ሞጆ ሲወርድ፣ ሌላው እዚያው ሞጆ ደረቅ ወደብ ቦርሳ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። ሾፌሮቹ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ጡሩምባ ነፍተው ሰላም ይባባላሉ።

«ጋሽ ነገሬ፣ ለምን አንዱ መኪና ሁለቱንም አይሠራም?» ብላ አንጋፋውን ሾፌር ጠየቀችው።

«ቆዳው የግዢ ክፍል ነው፤ ቦርሳው የሽያጭ። እነሱ ደግሞ ከተኳረፉ ቆይተዋል» አላት።

ዳታውን ከማጠናቀር ይልቅ ሁለቱን ክፍሎች ማስታረቁ ብዙ ድካም ፈጀ። ግን ሆነ። መኪኖቹ ሞልተው ሄደው ሞልተው መመለስ ጀመሩ፤ ነዳጁ ቀነሰ፤ ጭሱም ቀነሰ። አቶ ኃይለመስቀል በደስታ ብዛት መግቢያው አዳራሽ ላይ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አሰቀሉ፤ የገባ እንግዳ ሁሉ የጭሱን መቀነስ በአረንጓዴ መስመር እንዲያይ ብለው። መብራት በሄደ ቁጥር ስክሪኑ ሲጠፋ ጊዜ ደግሞ ለእሱ ብቻ የሚሆን የናፍጣ ጄኔሬተር ገዙ።

በሚቀጥለው ሪፖርት አረንጓዴው መስመር ሽቅብ ወጣ።

አቶ ኃይለመስቀል አስጠሯት። «ማነው ያበላሸው? ሾፌሮቹ ናቸው?»

«አይደሉም፤ ጄኔሬተሩ ነው።»

«ጄኔሬተር ጎማ አለው እንዴ? ምን አገናኘው? አውጪው ከሪፖርቱ!»

«ጭሱ ግን ይወጣል፣ ጋሼ።»

«እንግዶች ሊመጡ ነው። እነሱ ከሄዱ በኋላ እንነጋገራለን።»

ትሕትና አላወጣችውም፤ አላወጣሁትም ብላም አልተናገረችም።

ከውጭ ደንበኞቹ የተላኩት እንግዶች መጡ። መሪያቸው ረጋ ያለች ሴት ነበረች። አቶ ኃይለመስቀል ስለ ንጹሕ አየር እያስረዷት ሳለ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ከመስኮቱ ሥር አጓራ፤ ጥቁር ጭስ አዳራሹን ሞላው። ስክሪኑ ግን ለአፍታም አልጠፋ።

ሴትዮዋ እያሳለች «ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«ትሕትና ታስረዳዎታለች» አሉ አቶ ኃይለመስቀል፤ ዓይናቸው ለትሕትና ሌላ ነገር እያዘዘ።

ትሕትና ልትዋሽ አስባ ነበር፤ ውሸቱ ግን በእንግሊዝኛ አልመጣላትም። «ስክሪኑን የሚያበራው ሞተር ነው» አለች። «መስመሩ ወደ ላይ የወጣውም በእሱ ምክንያት ነው።»

እንግዶቹ እንደሄዱ መሳቢያዋን ማራገፍ ጀመረች። መባረሯን አልተጠራጠረችም። ከደንበኞቹ የመጣው መልስ ግን ሌላ ሆነ፤ ብዙ ፋብሪካ ጎብኝተናል፣ ጥፋቱን ፊት ለፊት የነገረን ይሄ ብቻ ነው፣ ውሉ ይቀጥላል የሚል። አቶ ኃይለመስቀል ሠራተኛውን ሰብስበው «ግልጽነት የዚህ ፋብሪካ የቆየ ባህል ነው» ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። ጄኔሬተሩ ተሸጠ። ትሕትና የክፍል ኃላፊ ሆነች፤ ከሹመቱ ጋርም ነዳጇን ፋብሪካው የሚሞላላት የቤት መኪና ተሰጣት።

እሑድ ወይዘሮ ብዙነሽ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤው ፊት ቆመው መሰከሩ። «ጌታ ልጄን በመኪና አከበራት!» ሕዝቡ እልል አለ። ትሕትና አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ወዲህ እናቷ አየር ጤና ያሉትን ዘመዶቻቸውን ሳይጠይቁ የሚያልፍ ቅዳሜ የለም። ድሮ የታክሲውን ሰልፍ እየፈሩ ለበዓል እንኳ ይቀሩ ነበር። አሁን በየሪፖርቱ ከፋብሪካው ትንንሽ መኪኖች ሁሉ ብዙ ነዳጅ የምትፈጀው የትሕትና መኪና ናት። አቶ ኃይለመስቀል «የኃላፊዎችን መኪና ማን ጠየቀሽ? አውጪው» ብለዋት ነበር። አላወጣችውም።

ለእናቷ መንገሩ ነው ያቃታት። ባለፈው ቅዳሜ ቆርጣ «እማዬ፣ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ልንገርሽ» ብላ ጀመረች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እዚያ ጋ በቀኝ ታጠፊ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። «ወለተጻድቅን ከጠየቅናት ቆየን፤ ትቀየመናለች።»

ትሕትና ፍሬቻ አብርታ ታጠፈች።