ሜኮሪ ያልሆነው ኩሽኔታ

ካርቶኑን ስከፍተው ያረጀ ግራሶና የደረቀ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እኔም አርባን የተሻገርኩ፣ ልጅ ለሠራዊት ያደረስኩ ሴትዮ፣ ያቭነ ከተማ በራሴ ቤት በር ላይ እንደቆምኩ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ አረፍኩት።

ካርቶኑን ያመጣልኝ ኢታይ የሚባል የገዴራ ሰው ነው። ሥራውም ፍቅሩም አሮጌ መኪና እየገዛ ማደስ ነው፤ አባቴ ባረፈ በዓመቱ ቮልስ መኪናውን የሸጥነው ለእሱ ነበር። ታድሳ ስታልቅ ሊያሳየኝ አርብ ጠዋት እየነዳ መጣ። ከውስጧ ያወጣውን አሮጌ ዕቃም፣ ከመጣሉ በፊት ምናልባት እፈልገው እንደሆነ ብሎ፣ ሰብስቦ ይዞልኛል። እኔ መኪናዋን ትቼ ካርቶኑ ላይ ተደፋሁ።

ልጅ ሆኜ ኪርያት መላኺ ከተማ ስንኖር አባቴ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነበር። ጎንደር እያለ ግን አዘዞ ጋራዥ ያደገ መካኒክ ነው፤ አዲስ መለዋወጫ እንደታሸገ የሚመጣበት አገር ስላልነበረ የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው እየሞረደ ማልበስ ነው የተማረው። መንገድ ዳር የወደቀ ብረት ካየ አያልፍም፤ አንስቶ ያገላብጠውና "ይሄ ለማን ይሆን ይሆን?" ይላል። የቮልሷ ማርሽ እጀታ የኛ የምድጃ ቁልፍ ነበር፤ እናቴ ይሄን እስክታውቅ ድረስ ወር ሙሉ ምድጃዋን በፒንሳ እያዞረች ስትለኩስ፣ ሌባው አጠገቧ ተቀምጦ "ምን ዓይነት ሰው ነው የምድጃ ቁልፍ የሚሰርቅ?" እያለ አብሯት ይገረም ነበር። አይ አባዬ!

ቮልሷ ግን ለእኔ ቀልድ አልነበረችም። የምማረው ከሐይፋ ወዲያ ባለ ፕኒሚያ ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ይለቁናል፤ በአውቶቡስ ግን ጀምበር ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ቤት መድረስ አይሆንልኝም። የመጀመሪያውን ዓመት ሌሎቹ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ትራሴን አቅፌ እያለቀስኩ አሳለፍኩት። አባቴ ይሄን በሰማ በወሩ ያቺን አሮጌ መኪና ከየት እንደሆነ እንጃ አምጥቶ በራችን ላይ አቆማት። ከዚያ ወዲህ አርብ ሲሆን ድምጿን ከአጥሩ ማዶ እሰማና ጫማዬን ሳላስር እሮጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ዕረፍታችን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ቮልሷ ሰፈር የሚያስነሳ ጩኸት ጀመረች። አባቴ ፈታትቶ አየና የዲናሞው ኩሽኔታ አለቀ አለ፤ ያ ውስጡ ትናንሽ የብረት ኳሶች ያሉበት፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት። ዲናሞው ካልዞረ የሞተሩ ማራገቢያም አይዞር፣ ሞተሩም ይቃጠላል፤ ሐይፋ ቀርቶ ገዴራም አታደርስም። እኔ ወዲያው ትራሴ ትዝ አለኝ።

በአውቶቡስ ገዴራ ሄድን፤ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ። ባለቤቱ የምን መኪና እንደሆነች፣ የስንት ዓመት ምርት እንደሆነች፣ ከማን እንደተገዛች አንድ በአንድ ጠየቀና መጨረሻ ላይ "ሜኮሪ ነው የምትፈልገው ወይስ ኻሊፊ?" አለው። ዋናው ወይስ ምትኩ ማለቱ ነው። አባቴ ሳቁ መጣ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛ ከጎንደር ስንመጣ የማን ልጅ ናችሁ፣ በእርግጥ ከአይሁድ ዘር ናችሁ ወይ እየተባልን ስንት ወረቀትና ስንት ምስክር የተጠየቅን ሰዎች ነን። "ጉድ እኮ ነው፣ ይሄ ጥያቄ ለኩሽኔታም ደረሰው?" አለኝ በአማርኛ። ሜኮሪው ከነዲናሞው ካልሆነ ለብቻው አይሸጥም፤ ዋጋውን ሲሰማ ግን ሳቁ ቆመ። ምትኩ ደግሞ ካዘዙት ሁለት ወር ይፈጃል።

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እኔ ማልቀስ ስጀምር እሱ አሮጌውን ኩሽኔታ ከኪሱ አወጣና አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ጠርዙን አሸው፣ አሸው፤ ከግራሶው ሥር የተቀረጸ ቁጥር ብቅ አለ። የዕብራይስጥ ፊደል አያነብም፤ ቁጥር ግን ያነባል። "ተነሽ" አለኝ፣ "ስሟን ስንናገር ነው የሚወደድብን። ካሁን በኋላ መኪና የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ የማንም ማሽን ኩሽኔታ ይገጥማል፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የምንጠይቀው። ያላ፣ እንሂድ!"

ያቭነ ደረስን፤ የእርሻ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ። ሽማግሌው ሻጭ ቁጥሩን አይቶ ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ኩሽኔታ አወጣ። ያው ራሱ ነው! ዋጋውም የገዴራው ሩብ አይሞላም። "ለምን ዓይነት ፓምፕ ነው?" ሲለን እኔ ከደስታዬ ብዛት በዚያ በፕኒሚያ ዕብራይስጤ "ለመኪናችን!" ብዬ እርፍ። ሽማግሌው እጁን ሰበሰበ፤ ይሄ የፓምፕ ነው፣ ለመኪና ብዬ ሰጥቼ ኋላ ብትጣሉኝስ አለ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ግን አልተቆጣኝም፤ ቁጥሩን እያሳየው፣ እጁን እኔ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ "በይ ንገሪው፣ የኛም ፓምፕ ናት። ውሃ ባትስብም ልጅ ወደ ቤቷ ትስባለች" አለ። አፍሬ አንገቴን እንደደፋሁ ተረጎምኩለት። ሽማግሌው ትንሽ አየን፣ "ቤሰደር፣ ይሁን" አለና ኩሽኔታውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን። ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው አርብ ያቺ የቮልሷ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተሰማች።

ይኸው አሁን ካርቶኑ ውስጥ፣ የምድጃው ቁልፍ ሥር ያንኑ ኩሽኔታ አገኘሁት። ኢታይን የዲናሞው ኩሽኔታ ምን ሆኖ እንደቀየረው ጠየቅሁት። በኩራት፣ አዲሱን ከጀርመን እንዳስመጣው፣ ስንት ወር እንደጠበቀው ነገረኝ። "አሮጌውስ ምን ሆኖ ነበር?" አልኩት።

"ምንም አልሆነም፤ ደህና ይዞር ነበር። ሜኮሪ ስላልሆነ ነው ያወጣሁት።"

ሳቄ መጣ፤ የአባቴ ሳቅ፣ ያው እንባ የሚያወርደው። ኢታይ ግራ ቢገባው መኪናዋ ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠኝና ሞተሩን አስነሳ። አልዋሽም፣ ታምራለች፤ ድምጿም ለስላሳ ነው። ግን ይህቺ አዲሷ ድምፅ ከአጥር ማዶ ብትመጣ እኔ ከተቀመጥኩበት አልነሳም ነበር፤ አላውቃትማ። ኢታይም ሰንበት ሳይገባብኝ ልሂድ ብሎ ወደ ገዴራ ነዳት።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ኩሽኔታውን ጣቴ ላይ አጠለቅሁና መታ አደረግሁት። ዞረ፤ ብዙ ዞረ። እሱስ ዛሬም ይዞራል፤ ወደ ቤት የሚወስደኝ ነው የሌለው።