እትዬ ብዙነሽ ቤት የመዘገብኩት ሬዲዮ

ቀበሌ ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ተክሌ ከታይፕራይተሩ ፊት አስቀመጡኝና «ታይፕ ትችያለሽ?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልኩ። «ዝምታስ?» ብለው ሳቁ። ጋሽ ተክሌ የቀበሌያችን ጸሐፊ፣ የእኔም አለቃ ነበሩ። ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ቀበሌያችን ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ የእንጦጦ መውጫው ላይ ነው። ግማሹ ሰው ሸማ ይሠራል፤ ግማሹ ጫካ ወጥቶ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ ይወርዳል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሁሉም ነገር በቀበሌ ያልፋል፤ ስኳሩም፣ መታወቂያውም፣ ክፍለ ሀገር ለቅሶ የሚሄድ ሰው የይለፍ ወረቀቱም። የእኔ ሥራ ካርቦን አግብቼ በሦስት ቅጂ መምታት፣ ማኅተም ሲያርፍበት ፋይል ማድረግ ነበር።

ከቀበሌው ሱቅ ትርፍ ላይ ኮሌጅ ለገቡ የችግረኛ ልጆች ድጎማ ይሰጥ ነበር። ትምህርቱ ነጻ ነው፤ አውቶቡስና ምሳ ግን ነጻ አይደለም፤ አዳሪ ያልሆነ ልጅ ከእኛ ሰፈር ከተማውን አቋርጦ በየቀኑ ይመላለሳል። ድጎማ የሚፈልግ የኑሮ ሁኔታ ቅጽ ይሞላለታል። ኮሚቴው ቤት ድረስ ሄዶ ያያል፣ እኔ የታየውን እጽፋለሁ። ቅጹ ላይ «በቤቱ የታየ ንብረት» የሚል መስመር አለ። ጉዴ የፈላው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ፀሐይ የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ናት። እትዬ ብዙነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጭራሮ እየሸጡ ነው ያስተማሯት። ልጅቱ ኮሌጅ ማለፏ ሲሰማ ሰፈሩ እልል ብሏል። ከጉብኝቱ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ እኔው ራሴ ሄጄ «ኮሚቴው ሐሙስ ይመጣል፤ ቤት ይጠብቁን» አልኳቸው። «ይምጡ ልጄ፤ እንግዳ የእግዜር ነው» አሉኝ።

ሐሙስ ስንገባ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል። አልጋው ላይ ስፖንጅ ፍራሽ ከነአበባው አልጋ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተደርድሮ፣ ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ። እትዬ ብዙነሽ ንጹሕ ነጠላ አጣፍተው በር ላይ ተቀበሉን፤ ፀሐይም ከኋላቸው ቆማለች። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ጌታሁን ተቀመጡና ዙሪያውን ቃኙ። «ጻፊ እንጂ» አሉኝ።

ሬዲዮውን ገና ሳየው አወቅሁት። የጎረቤታቸው የእትዬ ደስታ ነው፤ እጀታው ተሰብሮ በቀይ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ሰፈሩ በሙሉ ዜና የሚሰማው በእሱ ነው። ፍራሹና ብርጭቆውም ከየቤቱ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። የእኔም እናት እንግዳ ሲመጣባት ስትዋስ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ከጎረቤት ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ገመና ለባዳ አይታይም።

እዚያው ብናገር የሴትዮዋን ገመና ፊታቸው ላይ መግለጤ ነው። ስንወጣ እነግራለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ሬዲዮ አንድ፣ ስፖንጅ ፍራሽ አንድ፣ ብርጭቆ ስድስት።

መንገድ ላይ ጓድ ጌታሁን «እኔ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ፍራሽ የለም። እነዚህ ናቸው ችግረኛ?» አሉ።

«ጓድ፣ ሬዲዮው እኮ...» አልኩ።

«ሬዲዮው ምን?»

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቅጥሬን የሚያጸድቁልኝ እሳቸው ናቸው። «ምንም፤ ጽፌዋለሁ» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔው ነቀዘ።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ፀሐይ የለችበትም። መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመችና ቅጹን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ማሳየት ክልክል ነው፤ አሳየኋት። አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

«ይሄ የእትዬ ደስታ ሬዲዮ ነው» አለች።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን የምጠይቀው።

«እማዬ ፊት? ምን ብዬ?» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግን አላወቅሽውም?»

«በምን አውቃለሁ?» አልኩ፤ ዓይኔን ከታይፕራይተሩ ሳላነሣ። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች ውሸት የምጠየፈው ግን የለኝም።

ቅጥሬ ከጸና በኋላ ድፍረቱ መጣልኝ። ለጋሽ ተክሌ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሞቹ ከእኛ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት አልፈው ጸድቀዋል። መናገር የነበረብሽ ያን ሐሙስ ነበር» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይ ጥቂት ወራት በእግሯ ተመላለሰች። ከገና በኋላ አቋረጠች። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እናትና ልጅ ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የምገባበት ጠፋኝ። ፀሐይ እንዳላየ ሰው አለፈችኝ። እትዬ ብዙነሽ ግን ከነሸክማቸው ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉኝ። «ያን ቀን አንድም ነገር ሳትቀምሱ ወጣችሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።»

አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፌ አልታዘዘልኝም። ከዚያም በኋላ አልጠየቅሁም።

እስከ ጡረታዬ ድረስ ያን ቅጽ ስሞላ ኖርኩ። ጉብኝት ስንሄድ ቀን ማስታወቅ ተውኩ፤ ከባለቤቱም በፊት ጎረቤት እጠይቅ ነበር። በዚህ የተጠቀሙ ልጆች አሉ። ለፀሐይ ግን ምኗም አይደለም።

ሥራውን ለተረከባችሁኝ የምለው ይህን ነው። ሰው ችግሩን እንድታዩለት ጠርቷችሁም ችግሩን ይሸፍናል። ይህን የማያውቅ ሰው ያን ቅጽ መሙላት የለበትም። እኔ አውቅ ነበር።