በገል የያዝኩት ፍም

ልጅ ሳለሁ በእስቴ፣ እሳት የጠፋበት ቤት ገል ይዞ ከጎረቤት ይጭር ነበርና፣ አመሻሽ ላይ በሸክላ ስባሪ ፍም ይዞ የሚሄድ ልጅ ማንንም አያስገርምም። እኔም የተማመንኩት በዚሁ ነበር። በዚያ የኅዳር ምሽት ከምድጃችን ፍም የጫርኩት ግን ለማንም ቤት አልነበረም፤ ለአንድ ሰው የገብስ ክምር ነበር።

ሰውየው የአካባቢያችን ሹም ነበር። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ፣ ደብረ ታቦር ሄጄ እንድማር የተሰጠኝ ቦታ በመስከረም ለእሱ ልጅ ተላለፈ። ልጁ ለወጉ ያህል ያለፈ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልተገኘም። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ዘግይቼም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጨርሻለሁ፤ ያም ሆኖ የዚያን ልጅ ስም ስሰማ ምራቄ ይመርረኛል።

የደብሩ መሪጌታ የነበሩት አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል፤ ኩራዙ ከግድግዳው ላይ ይጤሳል። ገሉን ይዤ ወደ በሩ ሳመራ፣

«የማን ቤት እሳት ጠፋ?» አሉኝ።

«የጎረቤት፣ አባባ።»

«አሁን ስገባ የጎረቤቶቻችን ጣሪያ ሁሉ ይጤስ ነበር። ይልቅ ቁጭ በልና ስለዚያ ሕንድ አስተማሪህ ንገረኝ። እውነት በፋሲካም ሥጋ አይበላም?»

«አይበሉም። እንቁላልም አይቀምሱ።»

«እንግዲያማ ባሕታዊ ነው።»

«ወተት ግን በሁዳዴም ይጠጣሉ።»

«አይ፣ አበላሸው» ብለው ሳቁ።

ገሉን ከጉልበቴ አጠገብ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አስተማሪዬ የተደረገብኝን ያውቁ ነበርና በተሰባበረ አማርኛቸው መክረውኝ ነበር። «ውስጥህ ‹እኔ፣ እኔ› የሚል አንድ አለ። አትጣላው፣ አትታዘዘውም። ዝም ብለህ ተቀመጥና እየው» ነበር ያሉኝ። ይህንኑ ለአያቴ ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ።

«ይህማ የሳጥናኤል ነገር ነው።»

አስተማሪዬን የረገሙብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ትረካ መጀመራቸው ነበር።

ከዚያ በፊት የሥነ ፍጥረትን ታሪክ ከአፋቸው ደጋግሜ ሰምቼው ነበር፤ ፈጣሪ በመጀመሪያው ዕለት ሰማይንና ምድርን፣ እሳትንና ነፋስን፣ ውኃንና ጨለማን፣ መላእክትንም በአርምሞ፣ ቃል ሳያወጣ እንደ ፈጠረ፤ መላእክቱም ገና ብርሃን በሌለበት «ማን ፈጠረን?» እያሉ እንደ ታወኩ። በዚያ ምሽት ግን አርምሞው ላይ ሲደርሱ እሳቸውም ዝም አሉ። አንዲት ጭራሮ እሳቱ ውስጥ ቀጭ ስትል ተሰማኝ፤ ከጓዳ በኩል ላሟ ታመሰኳለች፤ ጢሱ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። ዝምታው ጨነቀኝ።

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«አየህ፣ አልቻልክም። ሳጥናኤልም አልቻለም። ዝምታውን መሸከም ቢያቅተው ‹የፈጠርኳችሁ እኔ ነኝ› አለ። ገብርኤል ግን አምላካችንን እስክናገኝ በያለንበት እንቁም አለ። ብርሃን የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ በሰማይ ብቻ የሆነ ይመስልሃል?» ብለው በሁለት ጣታቸው ደረቴን ነካ አደረጉኝ። «እዚህም ነው። ሕንዱ መጽሐፋችንን ሳያይ ከወዴት አገኘው?»

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም፤ እኔም ‹ከዚያስ› አላልኩም። ውስጤ ‹እኔ አንደኛው፣ እኔ የተበደልኩት፣ እኔ የማቃጥለው› እያለ ሲጮኽ ተቀምጬ ሰማሁት። ብዙ ከጮኸ በኋላ እንደ ደከመው ሕፃን ድምፁ ቀነሰ። ገሉን ባየው ፍሙ ዐመድ ለብሷል። ያኔ ነው አያቴ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ጉያቸው ያስገቡኝ።

«ገሉን እንዳትሰብረው» አሉኝ፤ «የሰው ቤት እሳት የጠፋ ለት እንጭርበታለን።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሥነ ልቦና መጻሕፍት ሳገላብጥ ለዚያ ‹እኔ› ባይ ብዙ ስም ተሰጥቶት አገኘሁ፤ ሰውን አስቀምጦ እሱን የሚያሳይ እንደዚያ ያለ እሳት ዳር ግን አላገኘሁም። ሹሙንም ልጁንም ይቅር አላልኩም፤ በደሉ በደል ነበር። ቂሜ ዛሬም ዐመድ እንደ ለበሰ ፍም ከጉልበቴ አጠገብ ነው። ተቀምጬ አየዋለሁ። እስካሁን ይዤው ከበር አልወጣሁም።