ውኃ የሚጠጣው አስፋልት

ኢንጂነር ጌትነት ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄድ፣ ውርጌሳ አጠገብ ካለችው ጠመዝማዛ ሲደርስ ከመኪና ይወርዳል። በእግሩ አልፏት ወዲያ ማዶ ይሳፈራል። ሾፌሮች «ስለት አለበት» እያሉ ይስቁበታል። ስለት አይደለም።

መርሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ያቺ ጠመዝማዛ በየክረምቱ መኪና ስትገለብጥ አይቷል። ተምሮ መንገድ ሠሪ ሲሆን፣ ለሙከራ የተፈቀደለትን አስፋልት እዚያው አነጠፈ፤ ጠጠሩ የበዛ፣ አሸዋው ያነሰ፣ ዝናቡ በቀዳዳዎቹ ሰርጎ በጎን የሚወጣለት፣ ጎማ የማያንሸራትት። መንገዱ የተመረቀ ቀን አንድ ባልዲ ውኃ ቢደፋበት አስፋልቱ ጠጥቶ ጨረሰው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጌትነትም ልቡ አብጦ፣ «እዚህ መኪና ከተንሸራተተ ስሜን ቀይሩት!» አለ።

ነገር ግን ያ አስፋልት በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ መታጠብ ነበረበት፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ዋጋ የለውም። ኅዳር ላይ አጎቱ ጋሽ ወርቁና ጎረቤቶቻቸው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ማሽላቸውን መንገዱ ላይ አሰጡት፤ መኪና እየሄደበት ይወቃላቸዋል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ባያሰጡት…»

«የልጃችን መንገድ አይደል? ለኛ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ጌትነት ስቆ አለፈ። ገለባውና አፈሩ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የትግራዩ ጦርነት ተጀምሮ ነበርና፣ የሚያጥብ መኪና ብጠይቅስ ማን ይሰማኛል ብሎ ሳይጠይቅ ቀረ። ጠይቆ ቢከለከል ይሻለው ነበር።

በተከታዩ ነሐሴ ጦርነቱ ቀርቦ ወልድያ ስትጨነቅ፣ ጌትነት በሸሻይ ሚኒባስ ወደ ደሴ ሸሸ። ሸሻይ አባቱ ከትግራይ የመጡ፣ እሱ ግን ወልድያ ተወልዶ ያደገ ሾፌር ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ጠመዝማዛዋ ላይ ፍሬን ሲይዝ ሚኒባሱ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ሸርተት ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። የሞተ የለም፤ የአንዲት እናት፣ የእማማ በላይነሽ እግር ግን ተሰበረ።

«ሆን ብሎ ነው!» አለ አንዱ ተሳፋሪ። ሸሻይን አንቀው አወረዱት።

«በእመቤታችን! ልጄ ሓበን እዚሁ ውስጥ ናት እኮ! የገዛ ልጄን ልገድል?»

ጩኸቱን ሰምተው ከማሳቸው የመጡት ጋሽ ወርቁ ነገሩን አባሱት። «ይሄ የኛ ጌትነት የሠራው ነው፤ አያንሸራትትም! ያውና ራሱ፣ ጠይቁት!»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። አጎቱ በኩራት ያዩታል። ጌትነት አንገቱን ደፋ። በዚያች ዝምታ መሀል አንዱ ሸሻይን በጥፊ አጮለው። ከንፈሩ ደማ፤ ሓበን ጮኸች።

«ልቀቁት» አለ ጌትነት። «ያንሸራትታል።»

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ያንሸራትታል ጋሼ! ውኃው መቼ ሰረገ? ይኸው ላዩ ላይ ተኝቷል። ሲደፈን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላጠፋም።»

ጋሽ ወርቁ በዱላቸው ጫፍ አስፋልቱን ጫር አደረጉት። የማሽላ ገለባ ከጭቃ ጋር ወጣ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ ሄዱ።

ሰው ሁሉ ሚኒባሱን ለማውጣት ሲረባረብ ጌትነትም ገፋ። ጫማው በገዛ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ ሁለቴ በጉልበቱ ወደቀ። መኪናው ሲወጣ ሸሻይ ከንፈሩን እየጠረገ በሩን ከፈተለት።

«ይግቡ እንጂ ኢንጂነር፣ ዝናብ መታዎት።»

ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«እናንተ ሂዱ» አለና በሩን ከውጭ ዘጋላቸው። ጠመዝማዛዋን በዝናቡ፣ በእግሩ ጨረሳት።